ቀይ ሻሽ ያደረገችው ፍየል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ የሸለመኝ ብርድ ልብስ ነው። በኮምቦልቻ ሙቀት ብርድ ልብስ መሸለም ምን እንደሚባል እነሱ ይወቁ፤ እኔ ግን አልከፋኝም፣ ደሴ ተመልሼ ስለምኖር እያገለገለኝ ነው። የመድረኩ መሪ "ወይዘሮ ሉባባ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ለረጅም ዘመን ያገለገሉ" ብሎ ሲያነብ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። በመዋቅሩ ላይ ሠዓሊ የሚባል መደብ ስላልነበረ ደመወዜን ስፈርም የኖርኩት በመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስም ነው እንጂ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ፋይል እንኳ አውጥቼ አላውቅም። ሥራዬ እንስሳት መሳል ነበር።

እንስሳቶቼ ትንንሽ ናቸው፤ በመዳፍ ልክ በተቆረጠ ወፍራም ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም ተቀብተው በጥቁር ቀለም የተሰመሩ። ቀልደኞችም ናቸው። ጃንጥላ ይዛ የቦርከናን ድልድይ የምትሻገር አህያ፣ ጥጃዋን ታቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ የምትጠብቅ ላም፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አንሸራታ የመድኃኒት ማዘዣ የምታነብ በግ። እነዚህ በካርድ እየታተሙ ስለ ክትባት፣ ስለ መዥገርና ስለ መኖ ለገበሬው ይታደሉ ነበር። ራሴን ማሞገስ አላፍርበትም፤ የዶሮን ኩራት ከእኔ አሳምሮ የሚስል ሰው በደቡብ ወሎ እስካሁን አላየሁም። ካለም ይምጣና እንተያይ።

አሁን የምስለው ለመሥሪያ ቤት ሳይሆን ለራሴ ነው። ሰዎች በስልክ እያዘዙኝ ለልጆቻቸው ክፍል ይወስዳሉ። ሽኝቱ ላይ "እስቲ ከሥራ ዘመንሽ ጥቂት አውጊን" ሲሉኝ ጥሩ ጥሩውን ብቻ አወራሁና አስጨብጭቤ ተቀመጥኩ። የፍየሏን ነገር ዘለልኩት። ቤቴ ስገባ ግን ብርድ ልብሱን ይዤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና አፈርኩ። እዚህ አልዘለውም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ይመር ናቸው። ደሴ ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም የማስታወቂያ ጽሑፍ ሱቅ ነበራቸው። የሻይ ቤት ስም ይጽፋሉ፣ የጥርስ ሐኪም በር ላይ ጥርስ ይስላሉ፣ የጭነት መኪና ስፖንዳ ላይ ባለቤቱን ያሰኘውን ያሰፍራሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት ያልመጣልኝ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ጎረቤታቸው ስለነበር "እጇ ጥሩ ነው፤ ቤት ተቀምጣ ከምታኮርፍ እርስዎ ጋ ትዋል" ብሎ ወሰደኝ። ጋሽ ይመር ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና "ማኩረፉን እዚህም ትችላለች፤ ብሩሽ እያጠበች ታኩርፍ" አሉ። ስድስት ዓመት አጠብኩ።

ፊደሉ እንጀራቸው ነበር፤ ልባቸው ያለው ሌላ ቦታ ነው። የከሰዓቱን ሰላት፣ አሱርን፣ ከሰገዱ በኋላ የማስታወቂያውን ቆርቆሮ ወደ ግድግዳ ያዞሩና ትንንሽ ወረቀት አውጥተው እንስሳ ይስላሉ። አይሸጡትም። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ከሳቸው የተሰጠው አንድ እንስሳ ነበረው፤ ለዒድ አዲስ ልብስ ያልተገዛለት ልጅ ቢያንስ ኮፍያ ያደረገች ዝንጀሮ ይዞ ይዞራል።

አሠራራቸው ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ወረቀቱን በንጹሕ ውሃ ያረጥባሉ፤ ያውም ሁሉንም ሳይሆን የእንስሳውን ቅርጽ ብቻ። ከዚያ ቀለሙን አንድ ቦታ ጠብ ያደርጉና ወረቀቱን ዘንበል ሲያደርጉት ቀለሙ ራሱ ሆዱንና ጀርባውን ፈልጎ ይሄዳል። "አትግፊው፤ መንገዱን ያውቃል" ይሉኛል። ሳይደርቅ በብዕር ከተሰመረበት ጥቁሩ ይፈስና እንስሳው ጭቃ ላይ የወደቀ ይመስላል። በደሴ ጉም ደግሞ ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ወረቀቱን አንስተው ጉንጫቸው ላይ ያስጠጉታል። ከቀዘቀዛቸው ውስጡ ገና ርጥብ ነው። "ገና በርዷታል፤ ቆዪላት" ይላሉ፤ ስለ ወረቀቱ ሳይሆን በላዩ ስላለችው ድመት የሚናገሩ ነው የሚመስለው። እኔም እስከ ዛሬ የምለካው በጉንጬ ነው። ግራ ጉንጬ ላይ ቀለም ያላየብኝ የሥራ ባልደረባ የለም።

ጥቁሩን ቀለም የሚያበጁት ራሳቸው ናቸው፤ ልጅ ሳሉ ቁርኣን ሲቀሩ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፉበት የነበረውን፣ ከጥቀርሻና ከግራር ሙጫ የሚሠራውን። ለቀጭኑ ብሩሽ ደግሞ ሉካንዳ ቤት ሄደው የበሬ ጆሮ ይለምናሉ። ጆሮው ውስጥ ያለው ጸጉር ለስላሳ ሆኖ ስለማይልፈሰፈስ ለዶሮ ዓይን የሚሆን ብሩሽ ይወጣዋል። የሉካንዳው ሰውዬ ጆሮውን በወረቀት እየጠቀለለ "ጋሽ ይመር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊሰሙበት ነው?" እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ሰኞ ሰኞ ሱቁን ዘግተን ከብት ተራ እንወርዳለን። ወረቀት መያዝ ክልክል ነው። "ወረቀት ካወጣሽ ሰው ይሰበሰባል፣ አንቺም ሰው ስታዪ ትውያለሽ" ይሉኛል። ደግሞ ሁሉን ማየት አይፈቀድም። "ዛሬ ጆሮ ብቻ" ካሉ ጆሮ ብቻ ነው። አንድ ሰኞ ጆሮ፣ አንድ ሰኞ ጉልበት፣ አንድ ሰኞ ላም ስትተኛ የትኛውን እግሯን ቀድማ እንደምታጥፍ። ስንመለስ ይጠይቁኛል፤ ካልመለስኩ ለሚቀጥለው ሰኞም ያው ነው። በጉልበት ላይ አምስት ሳምንት ቆይቻለሁ።

የሻሹ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ይመር የሚስሉት እንስሳ ሁሉ አንገቱ ላይ ጨርቅ ነበረበት። ድመቷ ሻሽ፣ አህያው ፎጣ፣ ዶሮዋ ቀጭን ክራቫት። እኔ ለማሳቅ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አንገቷ ባዶ የሆነ ድመት ስዬ ሳሳያቸው ወረቀቱን መለሱልኝ።

"አንገቷን አልሸፈንሽም" አሉ።

"ያለ ሻሽም ታምራለች ብዬ ነው።"

"ለማማሩ አይደለም ልጄ። ነፍስ ያለውን ነገር መሳል ሆዴን ይበላኛል። ዑለማዎቹ በዚህ ላይ ንግግር አላቸው፤ የሚከለክልም አለ፣ ለልጅ መጫወቻ ነው ብሎ የሚያልፍም አለ። እኔ መተዉን ሞከርኩት፣ አቃተኝ። ስለዚህ ራሱን ኸገላው እለየዋለሁ። አንገቱ ላይ ጨርቅ ጣል ሳደርግበት ሙሉ ፍጡር አይሆንም፤ እኔም ተኝቼ አድራለሁ።"

"ሰው እኮ ቀልድ ነው የሚመስለው፣ ጋሼ።"

"ይምሰለው። ሰው መሳቁ ማንን ይጎዳል?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔም እንስሳት አንገታቸው ተሸፈነ። በኋላ የኔ መለያ ሆነ፤ ማንም ሰው ካርዱን አይቶ "የሉባባ ነው" የሚለው በሻሹ ነበር። ኩራቴም እሱ ነበር።

በሃያ አምስት ዓመቴ መሥሪያ ቤቱ ቀጠረኝ። የከብት ጤና የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙን ብዙ ጊዜ ስለቀየረ የትኛውን እንደምጽፍ አላውቅም። የመጀመሪያው አለቃዬ ደሴ ላይ ቦርሳ አንጠልጥላ ለክትባት የምትሄድ ዶሮ ሳሳየው ፊቱ ተኮማተረ። "ይሄ ገበሬውን መሳደብ ነው" አለ። እኔም ቦሩ ሜዳ ገበያ ላይ አንድ ቀን ብቻ ይሞከር ብዬ ለመንኩት። የሳልኳት ዶሮ ዝም ብላ ዶሮ አልነበረችም፤ ወሎ ውስጥ ዝም ብሎ ዶሮ የለም። በላባዋ መልክ ገብስማ አለች፣ ወሰራ አለች። የኔዋ ገብስማ ነበረች። እንቁላል የምትሸጥ አንዲት ሴት ካርዱን አይታ "ይቺማ የኔዋ ናት፤ ስትኮራ ልክ እንዲህ ናት" ብላ ለጎረቤቷ አቀበለቻት። በሚቀጥለው ሳምንት ሴቶቹ ዶሯቸውን በቅርጫት ይዘው መጡ። አለቃዬ አላመሰገነኝም፤ የካርዱ ጀርባ ላይ "ይቀጥል" ብሎ ፈረመበት። ለእሱ ያ ትልቅ ነገር ነው።

ከዓመታት በኋላ ኮምቦልቻ ተዛወርኩና ሥራዬን እንደገና መማር ነበረብኝ። ደሴ ላይ ድረቅ እያልኩ የምለምነው ቀለም ኮምቦልቻ ላይ ገና ሳልጨርሰው ጠርዙ ይደርቃል። በመጀመሪያው ሳምንት የሳልኳቸው ላሞች ሁሉ ካርታ መሰሉ። ጋሽ ይመርን በስልክ ስጠይቃቸው "ማር ጠብ አድርጊበት፤ ማር አያስቸኩልም" አሉኝ። እውነት ሆነ። ችግሩ የቢሮው ጉንዳን ሁሉ የሥዕል ወዳጅ መሆኑ ነው። አንድ ጠዋት ስገባ የአንዲት በግ ግማሽ ፊት ተበልቶ አገኘሁት።

እንግዲህ ፍየሏ ጋ ደረስኩ። በዚያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት ስዬ ነበር። አለቃዬ ዶክተር ታደሰ የሚባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ትሑት፣ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ። ወረባቦ በኩል ፍየል የሚፈጅ የሳንባ በሽታ እየተጠጋ ነው ተባለና ከታቢዎቹ ከመሄዳቸው በፊት የሚታደል ካርድ አዘዘኝ። በግራ በኩል ያልተከተበች ፍየል ሳልኩ፤ ታማ ተኝታ፣ አንገቷ በአጥር እንጨት ተከልሎ። በቀኝ በኩል የተከተበች ፍየል፤ በሁለት እግሯ ቆማ የምትጨፍር፣ አንገቷ ላይ ቀይ ሻሽ ያሠረች። ያን ቀይ እስኪነድ ድረስ ሦስት ጊዜ ደራረብኩት። ካርዱ በጣም ነው ያማረው።

ዶክተር ታደሰ ብዙ ጊዜ አየው። "እትዬ ሉባባ፣ መርፌው የታለ?" አለኝ።

"መርፌ ሥዕሉን ያበላሸዋል። ልጆችም ይደነግጣሉ። ከሥሩ ጽሑፉ አለ አይደል፣ ዶክተር?"

"ማንበብ የማይችሉትስ?"

"እኔ ለገበሬ መሳል ስጀምር እርስዎ አንደኛ ደረጃ ነበሩ" አልኩት።

ፈረመበት። ካርዱ ታተመ። ያቺ ንግግሬ ዛሬም ትዝ ስትለኝ ያመኛል።

ካርዱ የታደለው ከወረባቦዋ ከተማ ከቢስቲማ ወረድ ብላ ባለች አንዲት መንደር ነው። የክትባቱ ቀን ከታቢዎቹ ሄደው ግማሽ ቀን ቢጠብቁ የመጣላቸው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። የቀረው "የኛዎቹ ተሠርቶላቸዋል" አለ። ማን ሠራላቸው ብሎ የጠየቀ የለም። በበረዶ የተያዘ መድኃኒት ስለማያድር ሌላ ቀበሌ ወስደው ተጠቀሙበት። በወሩ በሽታው መንደሯ ገባ።

ዶክተር ታደሰ "አብረውኝ ይምጡ፣ ነገሩ አልገባኝም" ብሎ ይዞኝ ሄደ። መንደሯ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት አንገቷ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሠረላት ፍየል ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ደስ አለኝ። ሥዕሌን ወደውት ነው ብዬ ፈገግ አልኩ። ቀጥሎ ሌላ አየሁ። ከዚያ አጥር ሥር ተጋድመው የሞቱ ሦስት ፍየሎች አየሁ፤ ሦስቱም አንገታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዉ ካርዱን በትክክል ነው ያነበበው። ጨርቅ የሌላት ፍየል ታማለች፣ ቀይ ጨርቅ ያላት ድናለች። ለዓይንም፣ ለቡዳም ከብት አንገት ላይ ነገር ማሠር የነበረ ልማድ ነው፤ መንግሥት ደግሞ ቀይ እሠሩ ብሎ ሥዕል ልኳል።

የገባነው እማማ ዘይነባ ግቢ ነበር። ባላቸውን የቀበሩ፣ በሰባት ፍየል የሚኖሩ ሴት ናቸው። ወተቱም፣ ለጨውና ለጋዝ የሚሸጠውም ከነዚያ ነው። ስድስቱ አልቀዋል። የቀረችው አንዲት ያረገዘች ጥቁር ፍየል ከደጁ ታሥራ ነበር።

"አላህ ይተካልዎት፣ እማማ" አልኳቸው።

"አሚን፣ አሚን። አብሽሪ ልጄ፣ የናንተ ጥፋት አይደለም" አሉኝ፤ እኔን ያጽናኑኛል። "ካርዲቷን አይቻታለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ቀይ አሠረ። እኔ ቀይ ጨርቅ አልነበረኝም። ልጄ ኸጅዳ የላከችልኝ ሻሽ ነበር፣ ለአረፋ የማስረው። እሱን ሰባት ቦታ ቀደድኩት። ግና መልኩ ወደ ወይን ጠጅ ነው የሚሄደው። ቀይነቱ አነሰ። የጎረቤቶቼ የነሐሰን ደህና ቀይ ስለነበር አራት ተርፎላቸዋል። የኔን የፈጃቸው ያ ሻሽ ነው።"

ዶክተር ታደሰ መሬት መሬት አየ።

"ለዚችስ አልሰንፍም" አሉ ወደ ጥቁሯ ፍየል እያዩ። "በገበያ ቀን ቢስቲማ ወጥቼ ደህና ቀይ ጨርቅ እገዛላታለሁ፣ ኢንሻአላህ።"

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አልተናገርኩም። ሴትዮዋ ፊት ቆሜ፣ ሥዕሉን የሳልኩት እኔ ሆኜ፣ የገዛ ሻሻቸውን ሲወቅሱ ሰማሁና "ደህና ይዋሉ" ብዬ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ዶክተር ታደሰ "ሪፖርቱ ላይ የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማነስ እላለሁ፤ የካርዱን ነገር አላነሳም፣ እርስዎን ማስቀጣት አልፈልግም" አለኝ። አመሰገንኩት። ማመስገኔ ከዝምታዬ ይብሳል።

ሦስት ቀን ሥራ አልያዝልሽ አለኝ። በአራተኛው ቀን በሚኒባስ ደሴ ወጥቼ ጋሽ ይመር ቤት ሄድኩ። ሱቁን ከዘጉ ቆይተዋል፤ ዓይናቸው ደክሞ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የመርፌውን፣ ለዶክተሩ የመለስኩትን፣ የእማማ ዘይነባን ሻሽ። ሲሰሙ ቆዩ።

"ሻሹን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ" አሉ በመጨረሻ።

"መርፌውን የተውኩት ግን እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"እሱስ አዎ" አሉ፤ ሊያቃልሉልኝ አልሞከሩም። "ስሚኝ። ሻሹን ያደረግሁት ለራሴ ነው፣ ተኝቼ እንዳድር። የሰው ፍየል ኸሞተ ምኑን ተኛሁት?"

"ታዲያ ልተወው? አንገቷን ባዶ ማድረጉም ይከብደኛል።"

"ፍየል ሲወጓት ምኗን ነው የሚይዟት?"

"አንገቷን።"

"እንግዲያ እጅ ሳይበት። የሰው እጅም ይሸፍናል።" ቀጠሉና "ግን ወረቀቱ ይቆይ። ያቺ ሴት አሁንም ሻሿን እየረገመች ነው። መጀመሪያ እሷ ትወቅ" አሉኝ።

በማግስቱ ዶክተር ታደሰን ሪፖርቱን እንዲቀይርና ስሜን እንዲያስገባ ጠየቅሁት። ሁለት ጊዜ እምቢ አለኝ፣ በሦስተኛው ጻፈው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ በመዝገብ ቤት የነበረኝ ብቸኛ ወረቀት እሱ ነው። ማተሚያ ቤት እስኪጨርስ መጠበቅ ስለማይቻል ለመንደሯ ቤቶች የሚበቃ ካርድ በእጄ መሳል ጀመርኩ። አንዲት ፍየል፣ አንገቷን ግጥም አድርጎ የያዘ ጉልበታም እጅ፣ ከጎኑ ትልቅ መርፌ። መርፌውን ከነአስቀያሚነቱ ሳልኩት። ፍየሏ ግን ያዡን በጎን እያየች ታኮርፋለች፤ ያን መከልከል አልቻልኩም። አምስት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሳልኩ። ማር ስለጨረስኩ የመጨረሻዎቹ ጠርዛቸው ደረቅ ያለ ነው፣ ቢሆንም ፍየል ናቸው።

ዓርብ ቀን፣ ሰዉ ከጁምዓ ሰላት ሲወጣ፣ መስጊዱ ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ቆምን። ዶክተር ታደሰ ሊናገር ሲል "ይቆዩ" አልኩት።

"ቀይ ሻሽ ያለባትን ፍየል የሳልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ሻሹ መድኃኒት አይደለም። እኔ የምስለው እንስሳ ሁሉ ሻሽ አለው፤ ልማዴ ነው። ፍየል የሚያድነው መርፌው ነው። መርፌው እንዲሳል ዶክተሩ ነግሮኝ ነበር፣ ያምር ዘንድ የተውኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የናንተ አይደለም፣ የኔ ነው። አፉ በሉኝ።"

ማንም አልጮኸብኝም። ከዚያ አንድ ጎልማሳ ገበሬ አዲሱን ካርድ ገልበጥ አድርጎ አየና "ይኸኛውስ ነገ ስሕተት ነው ብትዪን?" አለኝ።

"ስለዚህ ነው ካርዱን ብቻ ያልላክሁት። መርፌው ይኸው፣ ሐኪሙም ይኸው። የፈለጋችሁትን ጠይቁት።"

ጥቂቶች ጀርባቸውን ሰጥተውን ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም። የቀሩት ዶክተሩን ከበው መጠየቅ ያዙ። እማማ ዘይነባ ከሴቶቹ መሀል ወጥተው ወደኔ መጡ።

"ሻሼ ደህና ቀይ ቢሆን ኖሮስ?" አሉኝ።

"ያው ነበር፣ እማማ።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

ፊቴን ሲመረምሩ ቆዩ። "ወር ሙሉ ያን ሻሽ ስረግመው ነበር" አሉ። "ልጄ ሰው ቤት ሠርታ የላከችውን።" አልቅሰው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዞር ብለው ወደ ቤታቸው ቁልቁል ሄዱ። እኔም አለቀ አልኩ። ያቺ ያረገዘች ፍየልም አለቀላት አልኩ፤ እሷን ለማትረፍ ነበር የመጣሁት፤ ያ ካልሆነ ንግግሬ ሁሉ ለራሴ መተንፈሻ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ከታቢዎቹ የመጀመሪያዎቹን ፍየሎች መውጋት ጀምረው ነበር፤ ከኋላም ሰልፍ ያዘ። እማማ ዘይነባ በዚያ ሰልፍ ጎን ጥቁሯን ፍየል በገመድ እየጎተቱ ሲመጡ አየኋቸው። ተራ አልጠበቁም፣ ማንም ተራ ጠብቁ አላላቸውም። ዶክተር ታደሰ ፍየሏን ሊይዝላቸው ሲጎነበስ እጁን መለሱት።

"አንተ ተው" አሉት። "እሷ ትያዝልኝ።"

እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ፍየል ስዬ ፍየል ይዤ አላውቅም። የከተማ ልጅ ነኝ፤ ለአረፋ ሲታረድም የሚይዙት ወንዶች ናቸው። ከብት ተራም የሄድኩት ለማየት ነው። ተንበርክኬ ሁለት እጄን አንገቷ ላይ አደረግሁ። ጸጉሯ እኔ ከምስለው ይልቅ ሻካራ ነው፤ ከሥሩ ይሞቃል። ጣቶቼ ሥር የደም ሥሯ ይመታል፤ ፈጣን ነው፣ ፈርታለች። መርፌውን ስታይ ተወራጨችና እጄ ላላ።

"ጠበቅ አድርገሽ ያዣት" አሉኝ እማማ ዘይነባ። "የቀረችኝ እሷ ናት።"

ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት።